ስኩል ባስ ቤት ሊሆን ነው፦ የትኛው አውቶቡስ ለማን ይሻላል?

አሮጌ ስኩል ባስ ገዝቶ ቤት ማድረግ አሜሪካ ውስጥ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የዲሲን ወይም የሲያትልን ኪራይ የሚከፍል ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያስብ ማስረዳት አያስፈልግም። ከእኛ ሰው ደግሞ ስኩል ባስ የሚነዳው፣ ትራክ የሚነዳው ብዙ ስለሆነ መኪናው ራሱ አያስፈራንም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው።

ብዙ ሰው "የትኛው ሞተር ይሻላል?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደምታቆሙት ነው። የመኪናው ርዝመት፣ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ማሞቂያው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። መልሱ "እናያለን" ከሆነ አውቶቡሱን ለመግዛት አትቸኩሉ።

የት ይቆማል?

ከአፓርታማችሁ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ማቆምን እርሱት። አብዛኛው ከተማና ካውንቲ በመኖሪያ ሰፈር ትልቅ ተሽከርካሪ ማሳደር ይከለክላል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነማ ግቢ ውስጥም አያስቆሙም። ዋልማርት በአንዳንድ ቦታ ያሳድራል፣ ግን በቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ነው። ለአንድ ሌሊት ይሆናል እንጂ አይኖሩበትም።

የሚቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው የራስ ወይም የዘመድ መሬት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "መሬቱ የእኔ ነው" ብሎ ነው። ብዙ ካውንቲዎች በራስህ መሬት ላይም ተሽከርካሪ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኖር አይፈቅዱም። መሬት ከመግዛታችሁ በፊት የካውንቲውን የዞኒንግ ቢሮ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ፣ በስልክ የተነገረ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው አርቪ ፓርክ ነው፣ አርቪ የሚባሉት የመኖሪያ መኪናዎች የሚቆሙበት። ውኃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር አለው። ግን ብዙዎቹ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ መኪና አይቀበሉም፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በቤት የተሠራ አውቶቡስ ሲባል ብቻ በራቸውን ይዘጋሉ። ጥሩ ቀለም ያለውን አውቶቡስ ፎቶ ልኮ አስቀድሞ መደራደር ይሠራል።

ሦስተኛው በምዕራቡ ክፍል ያለው የፌዴራል መሬት ነው። ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው ሰፊ መሬት ላይ በነፃ ማደር ይቻላል። ደንቡ በአብዛኛው ቦታ በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው፣ ከዚያ ትነሣላችሁ። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አካባቢ ግን ከመስከረም መጀመሪያ (በፈረንጆች ሴፕቴምበር 15) እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ መቀመጥ የሚያስችል ፈቃድ አለ፤ ዋጋው ለብዙ ዓመታት ለሙሉ ወቅቱ 180 ዶላር ነበር። ሰው በክረምት ወደዚያ የሚጎርፈው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ቦታ የሚቀመጠውን "ተቀማጭ"፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚነሣውን "ተጓዥ" እንበለው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ይለያያል።

አርቪ ብትገዙስ?

ይህን ስኩል ባስ የሚወድ ሰው ሲሰማ ይከፋዋል፣ ግን እውነት ነው፦ በሚቀጥለው ወር መግባት ከፈለጋችሁ ያገለገለ አርቪ ግዙ። አልጋው፣ ሽንት ቤቱ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ)፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ ያለቀ ነው። ስኩል ባስ ሙሉ ጊዜ ሥራ ላለው ሰው በትንሹ የአንድ ዓመት የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው።

ስኩል ባሱ የሚበልጠው በአካሉ ነው። አርቪው ብዙ ጊዜ ቀጭን እንጨት፣ ሙጫና ፋይበር ግላስ ነው፤ ጣሪያው አንዴ ካፈሰሰ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ስኩል ባስ ደግሞ ቢገለበጥ ልጆቹን እንዳይጨፈልቅ ተብሎ የተሠራ የብረት አጥንት አለው። ዕቃ ብትጭኑበት፣ ሶላር ብትሰቅሉበት አያጉረመርምም።

አጭር፣ መካከለኛ ወይስ ረጅም?

ትንሹ ከፊት እንደ ፎርድ ወይም ሼቭሮሌ ቫን ሆኖ ከኋላው ሳጥን የተጫነበት ነው። እንደ ማንኛውም መኪና ይነዳል፣ ተራ ፓርኪንግ ውስጥም እንደምንም ይገባል። ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለባልና ሚስት ይበቃል። ትልቁ እስከ 40 ጫማ ይደርሳል። የውስጡ ስፋት ሰባት ጫማ ተኩል ገደማ ስለሆነ ወለሉ በስሌት 300 ካሬ ጫማ ይመጣል። ሹፌሩ የሚቀመጥበትንና በሩን ስትቀንሱ ግን የምትኖሩበት 32 ወይም 33 ጫማው ነው።

ልጆች ላሉት ተቀማጭ ረጅሙ ይሻላል፣ ክርክር የለውም። ለተጓዥ ግን ከ25 እስከ 30 ጫማ ያለውን መካከለኛ እመርጣለሁ። የብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ማደሪያ ረጅም መኪና አይቀበልም። ነዳጅ ማደያ ገብቶ መዞርም ከ35 ጫማ በላይ ሲሆን ጉልበት ይፈልጋል።

መንጃ ፈቃዱም አለ። ከበሩ ወይም ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ በተለጠፈችው ሰሌዳ ላይ አጠቃላይ የተፈቀደውን ክብደት ታገኛላችሁ። ከ26,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። ለግል መኖሪያ የሚነዳ መኪና በብዙ ስቴቶች ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አይጠይቅም። ቴክሳስ ግን ከዚያ ክብደት በላይ ለሆነው የንግድ ያልሆነ ክላስ ቢ ይጠይቃል፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ40 ጫማ ለሚበልጠው። ሲዲኤል ያላችሁ የትራክና የአውቶቡስ ነጂዎች ይህን አንቀጽ ዝለሉት።

ኮፈኑ ወደ ፊት የወጣው ዓይነት ለጥገና ቀላል ነው፤ ኮፈኑን ገልብጣችሁ ሞተሩ ዙሪያውን ይደረሳል። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሞተሩ ከፊት ያለው ጫጫታውና ሙቀቱ ሹፌሩ አጠገብ ነው። ሞተሩ ከኋላ ያለው ለመንዳት ጸጥ ያለ ነው፣ ከወለሉ ሥርም ዕቃ ማስቀመጫ ብዙ ቦታ አለው። ግን የኋላው በር አይኖረውም፣ አልጋችሁም ሞተሩ ላይ ይሆናል። እኔ ኮፈን ያለውን ነው የምመርጠው፣ ከኋላ በር ጋር።

ሞተርና ካምቢዮ

ተቀማጭ ከሆናችሁ ይህን ክፍል በችኮላ ብታነቡትም ግድ የለም። በዓመት ሁለቴ ለሚንቀሳቀስ መኪና ማንኛውም ጤነኛ ናፍጣ ሞተር ይበቃል። ለተጓዥ ግን ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ነው።

የኢንተርናሽናሉ ዲቲ466 ስሙ በከንቱ አልወጣም። ሲሊንደሮቹ የሚወልቁ ስለሆኑ ሞተሩ ሳይወርድ እዚያው ተቀምጦ ይታደሳል። ከሚንስ 5.9፣ በተለይ እስከ 1998 የተሠራው ባለ12 ቫልቭ፣ የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር ስለሌለው ጭው ያለ ሜዳ ላይ ቢቆም እንኳን በመፍቻ ይነሣል። ቲ444ኢ የፎርድ 7.3 ፓወር ስትሮክ ወንድም ነው። ጉልበቱ ለመካከለኛ አውቶቡስ ይበቃል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። ካት 3126 መጥፎ ሞተር አይደለም፣ ሲበላሽ ግን ኪስ ያራቁታል፤ ካተርፒላር ራሱ ከመንገድ መኪና ሞተር ገበያ በ2010 አካባቢ ወጥቷል።

የምትሸሹት ሁለት ነው። ቪቲ365 የሚባለው የፎርድ 6.0 ዘመድ ሲሆን የእሱንም ችግር ይዞ መጥቷል። ሌላው ከ2010 ወዲህ ያለው ማክስፎርስ ነው። በጨረታ ላይ ከእኩዮቹ በጣም ረክሶ የምታዩት አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን የያዘ ነው።

የሥሪት ዘመንም ይታይ። ከ2007 ወዲህ ያሉት የጭስ ማጣሪያ፣ ከ2010 ወዲህ ያሉት በአብዛኛው ዴፍ የሚባለውን ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ማጣሪያው የሚጸዳው በሀይዌይ ሙቀት ነው። ስኩል ባስ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው በየማዕዘኑ እየቆመ ነው። ስለዚህ የ2003 አውቶቡስ ከ2011ዱ የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል፣ ማይሉ ቢበልጥም።

ሰው የሚረሳው ካምቢዮውን ነው። አሊሰን ኤቲ545 ብዙ አሮጌ ስኩል ባስ ውስጥ አለ። ባለአራት ማርሽ ነው፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተሩ አይቆለፍም። ለጥ ባለ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ዳገት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ዘይቱን ያቃጥላል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኤቲ545 ይዞ እዚያ መውጣት ልብ ይፈልጋል። ኤምቲ643 ይቆለፋል። የአሊሰን 2000 እና 3000 ተከታታዮች ደግሞ ይቆለፋሉ፣ ለሀይዌይ የሚሆን ከፍተኛ ማርሽም አላቸው። የካምቢዮው ሞዴል ጎኑ ላይ በተለጠፈች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተጽፏል። ሻጩ ካላወቀ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ፍጥነቱ በሰዓት 55 ማይል ላይ የሚያልቅ አውቶቡስም አለ። የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ሆን ብሎ ያዘዘው ነው። ለሙከራ ስትነዱ የግድ ሀይዌይ ላይ አውጡት።

ዝገት

ከላይ ያልኩትን ሁሉ ዝገት ይሽረዋል። ሞተር ይቀየራል፣ የተበላ ወለልና ሻንሲ ግን ቤቱን ከነመሠረቱ ይዞ ይሄዳል። በረዶ ላይ ጨው የሚበተንባቸው ስቴቶች፣ ከኒው ዮርክ እስከ ሚሺጋን፣ አውቶቡሶቻቸውን ከሥር ይበሉታል። አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኔቫዳ ያሉት ቀለማቸው በፀሐይ ቢነጣም ብረታቸው ደረቅ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ጨምሮ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሄዶ ከዚያ ማምጣት ያዋጣል።

ስትመለከቱ ከመንኮራኩሩ በላይ ያለውን፣ የመግቢያውን ደረጃ ሥርና የኋላ በሩን ግርጌ በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድው ይላል፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። ከዚያ ውስጥ ግቡና ወለሉን ተመልከቱ። ከላይ ጥቁር ላስቲክ፣ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ ላሜራ ነው። የወንበሮቹ እግር በብሎን ላሜራውን በስቶ ወጥቷል። ላስቲኩ ያበጠበት ቦታ ካለ ኮምፔንሳቶው ውኃ ጠጥቷል፤ ላሜራው ላይ ዝገት እንዳለም ሳትገልጡት እወቁት።

ቁመት

ጣሪያው ከፋብሪካ 72 ኢንች ሆኖ የሚመጣ አለ፣ 77 እና 78 የሚሆንም አለ። 72 ኢንች ልክ ስድስት ጫማ ነው። ወለሉንና ጣሪያውን ስታለብሱ ሁለት ሦስት ኢንች ይበላል። ቁመታችሁ አምስት ከስምንት ከሆነ ትተርፋላችሁ። ረጅም ልጅ እያሳደጋችሁ ከሆነ ከፍ ያለውን ፈልጉ። ጣሪያ ቆርጦ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ኢንሹራንስ ካምፓኒዎች አይወዱትም። ቀድሞ ከፍ ያለውን መግዛት ይረክሳል።

ሙቀት ላይ ብዙ አልልም። ብረት አካል ያላብሳል፤ እስትንፋስና የምግብ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ላሜራ ጋር ሲገናኝ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ብርድ ለመከላከል የሚረጨው ፎም ውድ ነው፣ ግን ብረቱ ላይ ስለሚጣበቅ ላቡን ያስቆማል። ሰሌዳ ፎም ርካሽ ነው፣ ክፍተቱን በጥንቃቄ ከዘጋችሁ ለአሪዞና ክረምት ይበቃል። ለሚኒሶታ አይበቃም። የፋብሪካው መስኮቶች ያፈሳሉ፣ ብርድም ያስገባሉ። ግማሹን በላሜራ ድፈኗቸው።

ምጣዱ

የእኛ ቤት ከፈረንጁ የሚለየው እዚህ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለው የሶላር ስሌት ሁሉ ቡና ማፍያና ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው የተሠራ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው በዚያ ስሌት ከሄደ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ይጠፋበታል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,400 ወይም 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ12 ቮልት ባትሪ ሲሆን ይህ 120 አምፒር ገደማ ነው፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚበላውን ሳይጨምር። 2,000 ዋት ኢንቨርተር እንደምንም ይችለዋል፣ 3,000 ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ሰዓት ስትጋግሩ፣ ምጣዱ በየመሃሉ እየጠፋ እየበራም፣ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። አንድ ባለ100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ለመጋገሪያ ብቻ አለቀ ማለት ነው። ከሊድ የተሠራውን ባትሪ ከመረጣችሁ ደግሞ ግማሹን ብቻ ስለምትጠቀሙ አራት ትፈልጋላችሁ፣ ክብደቱ ሌላ። ርካሽ የመሰለው ባትሪ በእኛ ወጥ ቤት ርካሽ አይደለም። ሶላሩም በክረምት ተስፋ አይጣልበትም፤ 400 ዋት ፓኔል በዲሴምበር ቨርጂኒያ ውስጥ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢሞላ ጥሩ ነው።

ተቀማጭ ከሆናችሁ ይህ ሁሉ አያሳስብም። ባለ30 አምፒር የአርቪ መስመር 3,600 ዋት ይሰጣል። ኤሲውን አጥፍታችሁ ጋግሩ። ተጓዥ ከሆናችሁ ግን የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ጋግሮ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው የሚሻለው። እኔ ባትሪ ከመጨመር ፍሪዘር መግዛትን እመክራለሁ።

ከምጣዱ በላይ ጣሪያው ላይ ጠንካራ አየር ማውጫ ይኑር። ሽንኩርት ሲቁላላ ፍራሹም ልብሱም ይጠጣዋል፣ መሄጃ የለውማ። አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ፦ አውቶቡሱ ውስጥ ከሰል አታንድዱ፣ ለእጣንም ለቡናም። ሽታ የሌለው ጋዙ እንደዚህ ባለ ጠባብ ብረት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቡናውን ምድጃ ላይ ቁሉ፣ እጣኑን ደጅ አጭሱ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርማሪም ከአልጋው አጠገብ ስቀሉ።

ቡታ ጋዝ ወይስ ናፍጣ?

ለማብሰያ ቡታ ጋዝ፣ ለማሞቂያ ናፍጣ የሚለው ለተጓዥ ጥሩ ውሕደት ነው። የናፍጣ ማሞቂያው ከራሱ ከአውቶቡሱ ታንከር ይጠጣል፣ አየሩንም አያረጥብም። ባልቲሞር ዙሪያ ያላችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ። በሃርበር ዋሻም በፎርት ማክሄንሪ ዋሻም እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፤ የተለመደው የባርቤኪው ሲሊንደር 20 ነው። ድሮ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፣ እሱ ደግሞ በማርች 2024 ወደቀ። አሁን ባልቲሞርን የሚዞረውን 695 ሀይዌይ በምዕራብ በኩል መዞር ነው።

የእንጨት ምድጃ ፎቶው ያምራል። ለተቀማጭ ይሁን። አንዳንድ ኢንሹራንስ እሱን ሲያይ ይሸሻል።

ሽንት ቤት ላይ አጭር ምክር፦ ፓርክ ውስጥ ለሚቀመጥ ተራው ባለታንከር፣ በረሃ ለሚውል ሽንቱንና ሌላውን የሚለየው ደረቅ ሽንት ቤት። ለእንግዶቻችሁ ማስረዳት ይከብዳል፣ ግን ይለመዳል።

ወረቀት

ቢጫው ቀለም መነሣት አለበት። ከ1939 ጀምሮ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ጉባኤ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያ ቀለም የተማሪ ነው። ተማሪ የማይጭን መኪና ይዞት ቢሄድ ብዙ ስቴቶች ይቀጣሉ። ብልጭ የሚሉት መብራቶችና የ"ቁም" ክንዱም ይነቀሉ።

ታይትሉን ከአውቶቡስ ወደ ሞተርሆም ለማዞር ስቴቱ አልጋ፣ ማብሰያ፣ ውኃ፣ ሽንት ቤት የመሳሰሉትን ማየት ይፈልጋል፤ ስንቱን እንደሚጠይቅ ይለያያል። ኢንሹራንስ ደግሞ ከግዢው በፊት ይጠየቅ። የኤሌክትሪኩን ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ከሠራው ደረሰኙን አስቀምጡ።

ገና ዜግነት ያላገኛችሁ ደግሞ አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ዜግነት ለማመልከትም በምታመለክቱበት ስቴት ሦስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ የዜግነት ጉዳይ በሂደት ላይ ያለ ሰው ተጓዥ ባይሆን ይሻለዋል። ፎርሙ እስኪያልቅ ተቀማጭ ሁኑ፣ መኪናውን እየሠራችሁ።

ጨረታው

ዲስትሪክቶች አውቶቡሶቻቸውን በኢንተርኔት ጨረታ፣ በጎቭዲልስና በፐብሊክ ሰርፕላስ ይሸጣሉ። ደህናው ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 10,000 ዶላር ነው። ከነጋዴ ይልቅ ከዲስትሪክቱ መግዛት የሚሻለው በጋራዡ መካኒክ ምክንያት ነው። ያን አውቶቡስ ለዓመታት የያዘው እሱ ስለሆነ "ለምን ሸጣችሁት?" ብትሉት ብዙ ጊዜ እውነቱን ይነግራችኋል። የጥገና መዝገቡንም ጠይቁ።

ከመጫረታችሁ በፊት ጎማውን እዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ 2316 ማለት የ2016 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ክሩ አዲስ ቢመስልም ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ ሀይዌይ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ትልቅ አውቶቡስ ስድስት ጎማ አለው፤ ዋጋቸውን ከጨረታው ላይ ቀንሳችሁ አቅርቡ። ወደ ቤት ለመንዳት ቢያንስ የፊቶቹን ሁለቱን እዚያው አስቀይሩ።